ከበሩ ወዲህ ያለው ዛፍ

(በ1997 ዓ.ም. የሕክምና ተመራቂዎች 20ኛ ዓመት መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «አንቺም አንድ ነገር ትናገሪያለሽ» ሲለኝ ስለ ምን ብዬ ጠየቅኩ። «ሃያ ዓመት ምን አስተማረሽ? እሱን በሃያ ደቂቃ» አሉኝ። ለአንድ ዓመት አንድ ደቂቃ ደረሰኝ ማለት ነው። ሃያውን ዓመት መጨረስ ስለማልችል ስለ አንድ ዛፍ ብቻ እነግራችኋለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁት ስትስቁ ይታየኛል፤ አልፈርድባችሁም። ጎንደር ሰባት ዓመት ስንኖር ጥድና ዝግባ ለይታ የማታውቅ ልጅ ዛሬ ስለ ዛፍ ልታወራ! በ1990 በኮሌጅ ስም ገብተን በ1997 በዩኒቨርሲቲ ስም ስንወጣ፣ የግቢው ስም መለወጡን አየሁ እንጂ በግቢው ውስጥ ምን እንደበቀለ አላየሁም ነበር። የዛሬው ወሬዬም ስለዚሁ ስላለማየት ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የሐይቅ ልጅ ነኝ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከተማዋን ታገኟታላችሁ። ሐይቁ ከከተማዋ አጠገብ ነው፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር የሚደርስ፣ ወንዝ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የሌለው ውሃ። አምባሰልም እዚያው ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠረው ቅኝት ስሙን የያዘው ከኛ አገር ነው። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ባንጎራጉር አገሬ ነው በሉኝ።

ውሃው ውስጥ ገባ ብላ በምትታየው ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ዱሮ ደሴት ነበረች፤ ውሃው እየሸሸ ሲሄድ ከየብስ ጋር ተያይዛለች። ታሪኩን እስከ 9ኛው ክፍለ ዘመን የሚያደርሱት አሉ። ስሙ ከዳር እስከ ዳር የተሰማው ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው ትምህርት ቤት ካደረጉት ወዲህ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው እዚያ ተቀምጠው ተምረዋል። ከዚያ የወጡት መነኮሳት በየአገሩ ሄደው ሌላ ገዳም፣ ሌላ ትምህርት ቤት ተከሉ። የተመራቂዎች ማኅበር የሚባል ነገር ያኔ ቢኖር ኖሮ ዓመታዊ መጽሔታቸው ምን ያህል ይወፍር እንደነበር አስቡት። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል።

እኔ ግን ይህን ሁሉ የማውቀው በወሬና በንባብ ነው። እዚያ ሴት አትገባም። አባቴና ወንድሞቼ ይገባሉ፤ እናቴና እኔ በሩ ላይ እንቀራለን። ልጅ ሆኜ ይሄ ያናድደኝ ነበር። «ለምን አንገባም?» ብዬ ስጨቀጭቃት እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች «በሩም እኮ ቦታ ነው» ትለኝ ነበር። ያኔ መልስ ማጣት ይመስለኝ ነበር።

አሁን ከአንድ አባትና ከአንድ ሐኪም በስተቀር ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ።

ነሐሴ 2010 ነው። የትኛው ሆስፒታል እንደነበርኩ አልናገርም፤ ጥፋቱ የቤቱ ሳይሆን የእኔ ነውና ስሙ ምንም አይጨምርም። የቅዳሜ ሌሊት ዲዩቲ፣ ድንገተኛ ክፍል። ኮሪደሩ ድረስ ሰው ተኝቷል። አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አባቷ በጋቢ ጠቅልለው ደግፈው ይዘዋት መጡ። እጃቸው ላይ ሪፈር ወረቀት አለ። «ሆድ ሕመም፣ ማስታወክ፣ ታይፎይድ፣ ጨጓራ» ይላል። ወረቀቱን ተቀበልኩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የተቀበልኩት ወረቀቱን ነው። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ እንዳለ እጄን ሆዷ ላይ አደረግኩ፤ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ግሉኮስና የጨጓራ መድኃኒት አዝዤ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄድኩ። ሁሉም ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ነርስ መጥታ «ዶክተር፣ የዚች ልጅ አተነፋፈስ ደስ አላለኝም» አለችኝ። ሄድኩ። ልጅቷ ዳገት ሮጣ እንደወጣ ሰው በጥልቀትና በፍጥነት ትተነፍሳለች። አፏ አጠገብ ስጠጋ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ሐኪሞች የሆናችሁ ስሙን ሳልጠራው አውቃችሁታል፤ ፊታችሁ ላይ አየሁት። ሐኪም ላልሆናችሁ ልንገር፤ ስኳር እንዳለባት ሳይታወቅ ሰውነቷ ደሟን አሲድ እያደረገው ነበር። ሆድ ሕመሙም፣ ማስታወኩም ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ደግሞ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በደም ሥሯ አዝዤላታለሁ። የስኳር መለኪያው ከቆምኩበት አሥር እርምጃ ርቆ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጣቷን ወግተን ስናይ ቁጥር እንኳን መስጠት አልቻለም፤ ከልኬ በላይ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ማድረግ ያለብንን ሁሉ አደረግን። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች።

አባቷ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። መጡና እጄን ይዘው «እግዜር ይስጥልን፣ ሌሊቱን ሁሉ ለፍታችኋል» አሉኝ። እኔም «አባቴ፣ ዘግይታ ነው የመጣችው» አልኳቸው። ውሸት ነበር። ልጅቷ አልዘገየችም፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ያ አተነፋፈስ በዘጠኝ ሰዓት የጀመረ አይደለም። ጋቢውን ለብሳ ስትገባም እንደዚያ ስትተነፍስ ነበር፤ ደጋግሜ ሳስታውሰው ይታየኛል። ዓይኔ አይቶታል፣ እኔ ግን አላየሁትም። ወረቀቱ ስም ሰጥቷት ነበርና ሌላ ነገር መፈለግ አላስፈለገኝም።

ሰኞ በሞርኒንግ አቀረብኩት። የሥራ ጓደኞቼ ደጎች ናቸው፤ «ያጋጥማል» አሉኝ። ያጋጥማል። ነገር ግን እኔ ከዚያ በኋላ የማንንም ሆድ ስነካ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መስከረም ላይ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጥቅምት ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ ሐይቅ ሄድኩ። ለእናቴ ዕረፍት ነው አልኳት። እናቴ ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም። አየችኝ፤ ቡና አፈላች፤ ሦስተኛውን ስትቀዳ «እሑድ ሳይሆን ቅዳሜ ነው እንጂ እስጢፋኖስ፤ እስከ በሩ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። የጥቅምት 17 በዓል መሆኑ ነው።

በዕለቱ ወንድሜ ሻማና ዕጣኑን ይዞ ገባ። እኛ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ውጭ ቀረን። ከበሩ መለስ ብሎ መንገዱ ወደ ውሃው በሚያዘቀዝቅበት ቦታ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። ግንዱ እንደ አሮጌ ገመድ የተጠማዘዘ፣ መሐሉ የቦረቦረ፣ ልጅ ሊደበቅበት የሚችል ዛፍ ነው። ሥሩ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ቅዳሴው ይሰማል፤ ከታች ውሃው ያብረቀርቃል። ጥቅምት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አደይ አበባው እየጠወለገ፣ ጤፉ ዘለላ እያወጣ፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ለሁለት ወር ያህል የራቀኝ እንቅልፍ እዚያ ተቀምጬ መጣ።

በማግሥቱ ብቻዬን ተመለስኩ። ከዚያም በየቀኑ። በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር። ዛፉን ወደድኩት። እንደምታውቁት ሰው ሲከፋው ሁሉን ነገር ስለ ራሱ አድርጎ ያነባል። ግንዱ ቦርቡሮ ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑን አየሁና «ይሄ እኔ ነኝ» አልኩ። ውስጡ ባዶ፣ ላዩ የሚሠራ። ወይራ ስለሚባለው ነገር የማውቀውን ሁሉ ሰበሰብኩ። የኖኅ ርግብ ቅጠል፤ እናቴ የጠላ ጋን የምታጥንበት እንጨት፤ አያቴ ጥርሱን የሚፍቅበት፤ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ጽኑ ዛፍ። ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ ይሄን ሁሉ ጻፍኩ። አሁን ሳነበው ጥሩ ስብከት ይወጣዋል። ስብከቱ ሁሉ ግን ከቤቴ ይዤው የመጣሁት እንጂ ከዛፉ ያገኘሁት አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ፍየል የሚጠብቅ ልጅ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። በየቀኑ ሲያየኝ ከርሟል መሰለኝ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆመና «እትዬ፣ ምን ጠፍቶዎት ነው?» አለኝ።

«ምንም አልጠፋኝ። ዛፉን እያየሁ ነው።»

«የትኛውን?»

«ይሄን ነዋ፣ ወይራውን።»

ልጁ ሊስቅ ፈልጎ አክብሮ ተወው። «እሱ እኮ ሁለት ነው» አለኝ።

ቀና አልኩ። በዱላው አሳየኝ። ግንዱ ቅርንጫፍ የሚያወጣበት ቦታ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ከወይራው መሐል ሌላ ዛፍ በቅሏል። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። ሥሩ በወይራው ቅርፊት ላይ እንደ ክር እየተንጠለጠለ ወርዶ አንዳንዱ መሬት ነክቷል። «ያኛው ጭብሃ ነው፤ ወፍ የዘራው» አለኝና ፍየሎቹን ተከትሎ ሄደ። ያ ገመድ የመሰለኝ ጥምዝምዝ ግማሹ የወይራው ግንድ አልነበረም፤ የሌላው ዛፍ ሥር ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የተደገፍኩት እሱን ነው።

ምን ልበላችሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከነሐሴ ወዲህ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ዛፉ አላስለቀሰኝም። ያስለቀሰኝ ያንኑ ነገር ደግሜ ማድረጌ ነው። ሲገባኝ «ወይራ» የሚል ስም ሰጠሁት፤ ከዚያ በኋላ ስሙን እንጂ ዛፉን አላየሁም። ልክ «ጨጓራ» የሚለውን ስም አንብቤ ልጅቷን እንዳላየሁት። ልዩነቱ ዛፉ የዘጠኝ ቀን ስሕተቴን መታገሡ ነው።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። የዛፉን ብቻ። የጭብሃ ዘር በወፍ ኩስ ሌላ ዛፍ ላይ ያርፋል፤ እዚያው ይበቅላል፤ ሥሩን ወደ መሬት ይልካል፤ ሥሩ እየወፈረ ያስጠለለውን ዛፍ ይከበዋል፤ ብዙ ጊዜም በመጨረሻ የሚተርፈው እሱ ነው። እኔም ወዲያው አዲስ ትርጉም ይዤ ነበር። «አየሽ እማዬ፣ ወይራውን አንቆ እየገደለው ነው» አልኳት። ያ ጭብሃ ለእኔ ጸጸቴ ሆኖ ነበር፤ አንዴ አናቴ ላይ አርፎ ሥር የሰደደ።

እናቴ እንጀራውን እያጠፈች «ወይራው እኮ እኔ ልጅ ሳለሁም ባዶ ነበር» አለችኝ። «ማን ማንን እንዳቆመው በምን አወቅሽ?»

«ታዲያ አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«እኔማ ርግቦቹን ነው የማየው። ጭብሃው ሲያፈራ ዛፉ በወፍ ይሞላል። ለወይራው ብቻ እንደዚያ አይመጡም ነበር።»

እዚህ ላይ ቆም ልበልና እንደ ሐኪም ላውራ። «ምልክት» የምትለዋን ቃላችንን አስቧት። በሽተኛው የሚሰማውን ይነግረናል፤ እኛ በዓይን፣ በእጅ፣ በጆሮ የምናገኘውን ምልክት እንለዋለን። ያው ቃል ደግሞ የመስቀልን፣ የባንዲራን፣ የቀለበትን ትርጉም ይይዛል። ሁለቱ አንድ ቃል ስለሆኑ በቀላሉ እናምታታቸዋለን። የልጅቷ አተነፋፈስ ምልክት ነበር፤ ባየውም ባላየውም እዚያ ነበረ፤ አንድ ነገር ብቻ ይናገር ነበር። የዛፉ ትርጉም ግን እንደዚያ አይደለም። ለእኔ ጸጸት፣ ለእናቴ የርግብ ማዕድ፣ ለእረኛው ሁለት ዛፍ። ዛፉ ለማናችንም ብሎ አልበቀለም። ሰው ከዕፅዋት ትርጉም አያግኝ እያልኩ አይደለም፤ እኔም አግኝቻለሁ። ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ያለውን ማየት፣ ከዚያ ማለት የምንፈልገውን ማለት። እኔ ሁለቱንም ጊዜ ገልብጬው ነበር።

የአክሊሉ ለማን ታሪክ ተማሪ ሆነን ሰምተናል፤ ፈተና ላይ ስለሚመጣ ሸመደድነው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ስለ ብልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶድ በአገራችን ከሳሙና በፊት የነበረ ነው፤ በወንዝ ዳር ያለፈ ሁሉ ያንን አረፋ አይቷል። እሳቸው ከአረፋው በታች ያለውን አዩ። ከዚያ የበሽታውን ትል የሚሸከሙትን ቀንድ አውጣዎች የመግደል አቅሙን ወደ መመርመር ሄዱ፤ ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙ ዓመት ሠርተውበት በ1989 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እኔ ያኔ የሸመደድኩት ዓመተ ምሕረቱን ነበር። ትምህርቱ ግን ዓመተ ምሕረቱ ውስጥ አልነበረም። ተክሉን «የልብስ ማጠቢያ» ብለው ጨርሰው ቢሆን ኖሮ ከወንዙ በታች አይመለከቱም ነበር።

ከሐይቅ ስመለስ ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ የአእምሮ ሐኪም የሆነ ባልደረባዬን አነጋገርኩ። ይሄን ሳልናገር ብወርድ ዛፍ ሥር መቀመጥ ብቻ ያዳነኝ ይመስላችኋል። አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሐኪም መታከም አለበት። ከመካከላችሁ እንደዚያ የሆነ ካለ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ፈልጉኝ፤ አብረን እንቀመጣለን።

ሁለተኛ፣ ኅዳር ላይ የልጅቷን አባት ፈልጌ ሄድኩ። ቤታቸው በር ላይ ስቆም አወቁኝ። ቡና ተፈላ። ቡናው ሳይወርድ «አባቴ፣ ያን ቀን የዋሸሁት ነገር አለ» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቱን እንዳየሁ፣ እሷን እንዳላየሁ፣ መለኪያው አሥር እርምጃ ርቆ እንደነበር። ብዙ ቆዩ። ይቆጡኛል፣ ውጪ ይሉኛል፣ ይከሱኛል ብዬ ነበር፤ ለሁሉም ተዘጋጅቼ ነበር።

«በጊዜ ቢታይ ትተርፍ ነበር?» አሉኝ።

«እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን አዎ፣ ልትተርፍ ትችል ነበር።»

ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። «ሁለት ታናናሾች አሏት። እነሱን ምን አይቼ ልወቅ?»

ነገርኳቸው። ውሃ ጥም ሲበዛ፣ ሽንት ሲመላለስ፣ እየበሉ ሲከሱ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግመው ሲነሱ። እሳቸው እያንዳንዱን በጣታቸው እየቆጠሩ ደገሙልኝ። አራተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። «እሷም እንደዚህ ነበረች። ውሃ ውሃ ትል ነበር። ጥቅምት ያለፈ ሳይሆን ሐምሌ ላይ» አሉ። እሳቸውም አይተው ስም አልሰጡትም ነበር፤ እኔ ደግሞ ስም ይዤ አላየሁም። ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። ስወጣ «ይቅር ብዬሻለሁ» አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «በሰላም ግቢ፣ ለልጆቹ መጥተሽ እይልኝ» አሉኝ። እስከ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ አሁን ጢም አውጥቷል።

የመልቀቂያ ደብዳቤውን ቀድጄ ጣልኩት ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልቀደድኩትም። መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አንዳንድ ቀን አየዋለሁ።

ሥራ ቦታ የለወጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በሽተኛ ፊቴ ሲቀመጥ ካርዱን ዘግቼ እጄን ላዩ ላይ አደርጋለሁ። ግማሽ ደቂቃ አየዋለሁ፤ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ከዚያ ካርዱን እከፍታለሁ። ሬዚደንቶቼ መጀመሪያ የምጸልይ መስሏቸው ነበር። ጊዜ የት አለ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በቀን ስልሳ ሰው ብናይ ግማሽ ግማሽ ደቂቃው ሠላሳ ደቂቃ ይሆናል። ሠላሳ ደቂቃ ብዙ ነው። እኔ ግን የሦስት ደቂቃ ፍጥነቴ ምን እንዳስከፈለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከሻይ ሰዓቴ ቀንሼ እከፍላለሁ። ከእኔ ጋር የሠሩ ልጆች አሁን እነሱም ካርዱን ይዘጋሉ። ከመካከላቸው ከመሄዳቸው በፊት ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ነገ ጽሑፉን ያንብብ ብዬዋለሁ።

በ2014 ጦርነቱ በኛ አገር ሲያልፍ ከእናቴ ጋር ለሳምንታት ስልክ አልተገናኘንም። ወሎ ቤተሰብ ያላችሁ ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ታውቁታላችሁና አልዘረዝረውም። መስመር የተገኘ ቀን እናቴ መጀመሪያ የጎረቤቶቻችንን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ነገረችኝ። ክርስቲያኑንም እስላሙንም፤ የኛ ሰፈር ሲቆጠር አብሮ ነው የሚቆጠረው። ሁሉን ጨርሳ ልትዘጋ ስትል «ዛፍሽም አለ» አለችኝ። ዛፉ የእኔ ሆኖ መመዝገቡን ያኔ ነው የሰማሁት።

በ2015 ጥቅምት 17 አብረን ሄድን። ወንድሜ ገባ፤ እኛ በሩ ላይ ቀረን። ሄጄ አየሁት። ከወይራው አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተቆርጧል። ለማገዶ ይሁን ለሌላ አላወቅኩም፤ በዚያ ዓመት ሰው ምን እንደቸገረው ስለማውቅ አልጠየቅኩም። ከቁርጡ ሥር አዳዲስ ቀንበጦች ወጥተዋል። ጭብሃው ደግሞ አንድ ሥሩ ቀድሞ በአየር ላይ የነበረው አሁን መሬት ገብቷል።

የድሮዋ እኔ ብሆን ከዚህ ሁሉ ትርጉም አወጣ ነበር። የተቆረጠው አገራችን ነው፣ ቀንበጡ ተስፋ ነው እያልኩ ደብተር እሞላ ነበር። ምናልባትም ልክ ነው። ያን ቀን ግን ቀንበጦቹን ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው። ከሰባቱ ሁለቱን ፍየል ቀምሷቸዋል። እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ። «እያየሁ ነው» አልኳት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ እሷም ማየት ጀመረች። ከውስጥ ቅዳሴው ይሰማል። በሩም ቦታ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ እንጂ።

ወዳጆቼ፣ ሃያ ደቂቃዬ አልቋል። ከመምህራኖቻችን አንዱ በመጀመሪያው የዎርድ ቀናችን ኪሳችን ውስጥ እጃችንን አስገብተን አልጋው ግርጌ እንድንቆም ያደርጉን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? «አትንኩ፣ አትጠይቁ፣ እዩ» ይሉን ነበር። እኛ ደግሞ መቼ በለቀቁን ብለን ሰዓት እናይ ነበር። እነሆ፣ ዛሬ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መምህር፣ ትምህርቱ ዘግይቶ ደርሶኛል። ዕዳውን የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ናት፤ ስሟን በልቤ ይዤ ነው ዛሬ የቆምኩት።